መንኰራኵሩ ሲያጕረመርም

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከመንኰራኵሩ በኩል የማያውቀውን ድምፅ መስማቱ አይቀርም። መኪናው አዲስ እንደ ሆነ ባለቤቱ ለሸጠለት ድርጅት ያስረክባል፤ የሚጠይቀውም የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሮጌ መኪና ብዙ ይናገራል፤ ከሚናገረውም አብዛኛው የሚያሳስብ አይደለም። አንዱ ግን ሰው የሚገድል ሊሆን ይችላል። ይህን አንዱን ከሌላው ለመለየት ከመፍቻ በፊት ጆሮ፥ ከጆሮም ጋራ ቃል ያስፈልጋል። ባለመኪናው የሰማውን መናገር ካልቻለ መካኒኩ በግምት ይፈታል፤ በግምት ለተፈታውም ሁሉ የሚከፍለው ባለመኪናው ነው።

በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ጉዳይ የምንጽፈው በናይሮቢ ከተማ በኢስትሊ ሰፈር የተፈጸመውን አንድ ነገር ምክንያት አድርገን ነው። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን የጋራዥ ቃላት ከመማሪያ መጻሕፍት እንደማይገኙላቸው ስለምናውቅ፥ ቃላቱንም በየቦታቸው እያስገባን እንሄዳለን።

ኢስትሊ ከናይሮቢ መካከል በስተምሥራቅ የሚገኝ ሲሆን በዚህ ስም የተቋቋመው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያ የህንድና የሶማሌ ነጋዴዎች የተቀመጡበት ሰፈር ነበር፤ በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ ወዲህ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ታላቅ የገበያ ስፍራ ሆኗል። ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር የመጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በብዛት ይኖሩበታል፤ እንጀራ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ፈርስት አቬኑ የሚባለው ዋና መንገዱ ለብዙ ዓመታት ጕድጓድና ጭቃ የበዛበት ሆኖ ከኖረ በኋላ ከ2010 ወዲህ ታድሷል። ሆኖም ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ረጅሙ ዝናም በመጣ ጊዜ በብዙዎቹ መንገዶች ላይ ውሃው ይተኛል። በ2024 በሚያዝያ ወር የደረሰው ጐርፍ በናይሮቢ፥ ይልቁንም በአጠገቡ ባለው በማታሬ ወንዝ ዳርቻ፥ ሰው ገድሎ ቤት ያፈረሰ መሆኑ የሚታወስ ነው።

ውሃ ለመኪና ጠላት የሚሆነው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሞተሩ በኩል ብቻ አይደለም። መንኰራኵሩ በእምብርቱ ውስጥ ኩሽኔታ አለው። ኩሽኔታ ማለት በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ትንንሽ ኳሶች ወይም ተንከባላይ ብረቶች የተደረደሩበት ዕቃ ነው፤ የመኪናው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው። በግሪስ ተቀብቶ፥ በጎማ ቀለበት ታሽጎ ይኖራል። ይህ የጎማ ቀለበት አርጅቶ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ መኪናው በጐርፍ ውስጥ ባለፈ ጊዜ ጭቃ ያለበት ውሃ ይገባና ግሪሱን ያበላሻል። ጕዳቱ ግን በዚያው ቀን አይሰማም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፥ ሰማይ ከጠራ፥ መንገድም ከደረቀ በኋላ ይሰማል። ስለዚህም ባለመኪናው ምክንያቱን ከጐርፉ ጋራ አያያይዘውም።

በኢስትሊ አሮጌ መኪና መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ወደ ኬንያ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ቀድሞ የገባው ግን እየተጠገነ ይኖራል። ለነገሩ ይህች አገር ለአሮጌ መኪና ያላት አክብሮት የቈየ ነው። በ1953 የተጀመረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋራ በ1965 ያሸነፈበት ቮልቮ፥ ባለፈው ዓመት በዚያው ውድድር የተንገላታ ያገለገለ መኪና ነበር። ጆጊንደር ሲንግ መካኒክ ስለ ነበረ የገዛው ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ የቀረ አይመስለንም።

የጥገናው ሥራ በአብዛኛው በጥላ ሥር አይደለም። በኬንያ ከግድግዳና ከጣራ ውጭ የሚሠራውን የእጅ ሙያ ሁሉ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ የጋለ ፀሐይ ማለት ነው። ባለሙያውን «ፉንዲ» ይሉታል። መኪናን ደግሞ «ጋሪ» ይሉታል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አንድ ታላቅ ነጋዴ «ጋሪዬ ተበላሸ» ሲል በሰማ ጊዜ፥ ፈረሱ የት እንዳለ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። በኢስትሊ የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው በአዲስ አበባም በጣም የምትታወቀውን ዲ.ኤክስ. የተባለችውን የቶዮታ ኮሮላ ይነዳል። መኪናዪቱ አርባ ዓመት አልፏታል። በየጧቱ ሦስት ልጆቹንና ባለቤቱን አሳፍሮ በጁጃ መንገድ በኩል ወጥቶ ልጆቹን ከትምህርት ቤት፥ ባለቤቱን ከሥራዋ ያደርሳል። ከዝናሙ ወራት በኋላ መኪናዪቱ ድምፅ ታሰማ ጀመር። የመጀመሪያው መካኒክ ጐማዎቹን አስለወጠው፤ ድምፁ አልቀረም። ሁለተኛው አሞርዛተሮቹን ለወጠ፤ አሁንም አልቀረም። ሦስተኛው የፍሬን ሸራውን ቀየረና «አሮጌ ስለ ሆነች ነው፤ ይልመዱት» ብሎ አሰናበተው። በዚህ ጊዜ የወጣው ገንዘብ የሁለት ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ነበር።

በመጨረሻ ሰው መርቶት፥ ከአዲስ አበባ ከመጡ ብዙ ዓመት ወደ ሆናቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው መኪናዪቱን ገና ሳይነኩ ጠየቁት።

«ምን ትላለች?»

«ትጮኻለች፥ ጋሼ።»

«መጮኽማ ሁሉም ይጮኻል፤ ልጄ፥ ምን እያለች ነው የምትጮኸው? መቼ? በየት በኩል?»

ሰውዬው መልስ አጣ። ይኸን ጊዜ ከውስጥ ተቀምጣ የነበረችው ባለቤቱ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ነው የምትለው፥ ጋሼ። ቀስ ስንል የለም። ፈጠን ስንል ይነሣል፤ በፈጠንን ቍጥር እሱም ይጨምራል። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ይበረታል፥ ወደ ግራ ስንታጠፍ ዝም ይላል። ከእግሬ ሥር ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያስ ለእኔ የቀረልኝ ክሪክ ማቆም ብቻ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ይህ ንግግር ለምን ያን ያህል እንደ ረዳቸው ማብራራት ይገባል። ሴትዮዋ ያወቀችው መካኒክነት አጥንታ አይደለም። በኬንያ መኪና በመንገዱ ግራ ስለሚሄድ መሪው በቀኝ በኩል ነው፤ እርሷም የምትቀመጠው በግራ፥ በፊተኛው ግራ መንኰራኵር አጠገብ ነው። ከባሏ ይልቅ ለድምፁ ቅርብ ነበረች። ሦስቱ መካኒኮች ግን እርሷን አልጠየቋትም፤ ሾፌሩን ብቻ ነበር የጠየቁት። አብሮ የሚሄድ ሰው በመሪና በፍሬን ሐሳቡ ስለማይያዝ ከሾፌሩ የተሻለ ምስክር ነው፤ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ይህን ምስክር ከቤት ትቶ ባይሄድ መልካም ነው።

የተናገረቻቸውንም ቃላት አንድ በአንድ እንያቸው። «በፈጠንን ቍጥር ይጨምራል» ማለቷ ነገሩ ከሞተሩ ሳይሆን ከመንኰራኵሩ ጋራ የሚሽከረከር መሆኑን ይጠቍማል። ይህንንም ሽማግሌው አረጋገጡ፤ ሰው በሌለበት ቀጥተኛ መንገድ ላይ መኪናዪቱ እየሮጠች ሳለ ማርሹን ዜሮ አስደረጉት። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ ወፍጮው ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። የሞተር ወይም የካምቢዮ መግቢያ በሽታ ቢሆን ኖሮ አብሮ በወረደ ነበር።

«ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ይበረታል» ማለቷ ደግሞ የትኛው መንኰራኵር እንደ ሆነ ያሳያል። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በአውቶቡስ ቆሞ የሄደ ሰው ይህን በገዛ አካሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጭነቱ የበዛበት የግራው ኩሽኔታ ይበልጥ ያጕረመርማል። በኬንያ አደባባይ ሲዞሩ መዞሪያው በቀኝ በኩል ስለ ሆነ የግራው ጕዳት እዚያ ጐልቶ ይሰማል፤ በአገራችን ግን መኪና በመንገዱ ቀኝ ስለሚሄድ አደባባይ የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ የቀኙም እዚያ ይጋለጣል። ከዚህም በቀር በመንገድ ጠርዝ የተኛውን ውሃና የተሰበረውን አስፋልት የሚረግጠው ወደ ጠርዙ ያለው መንኰራኵር ነው፤ ይኸውም በናይሮቢ የግራው፥ በአዲስ አበባ የቀኙ መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ግን ጆሮ ብቻውን አይታመንም። ድምፅ በመኪናው ብረት ውስጥ ስለሚጓዝ የኋላው እንደ ፊት፥ የቀኙም እንደ ግራ ሆኖ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ጐማም ሲያረጅና ሲሸራረፍ ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል፤ የጐማ ድምፅ ግን ከሻካራው ወደ ለስላሳው አስፋልት ሲገቡ ይለወጣል፥ የኩሽኔታ ድምፅ አይለወጥም።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በአማርኛ «መጮኽ» ሁሉን የሚያጠቃልል ቃል ነው፤ ለሐኪም «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። አማርኛ ግን በዚህ በኩል ሀብታም ቋንቋ ነው። ድምፁን ራሱን ወስዶ «አለ» የሚለውን ግሥ ያስከትላል፤ ሲደጋገምም ቃሉን ይደግመዋል። የተበላሸ ኩሽኔታ ያጕረመርማል፤ ሲብስበትም ያጓራል። ሸራው ያለቀ ፍሬን ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ሸራው ጨርሶ አልቆ ብረት ብረትን የነካ እንደ ሆነ ይፋጫል። ጐማ ውስጥ የተሰካ ጠጠር ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ይህ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚወጣ ቀላል ነገር ነው። የፊት መንኰራኵሮቹ በሚጐትቱት መኪና መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ፥ ኃይል ወደ መንኰራኵሩ የሚያስተላልፈው ዘንግ መታጠፊያው አልቋል። በኮረት መንገድ ላይ ሳለ በድንገት ጆሮ የሚበጣ ፍጭት የተነሣ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ በፍሬኑ ዲስክና ከኋላው ባለው ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ገብቶ ነው፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሲነዱት የሚወድቅበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የሚያስፈራው በዝግታ ሲነዱ ከመንኰራኵሩ ዙር ጋራ ኳ ኳ የሚለው ነው። መንኰራኵሩን የሚያስሩት ዳዶዎች ላልተው ሊሆን ይችላልና፥ ይህን የሰማ ሰው እስከ ጋራዥ ልድረስ ሳይል እዚያው ይቁም።

ክሪክ፥ ዳዶ፥ ካምቢዮ፥ ካቻቢቴ፥ ኩሽኔታ፥ ቸርኬ የመሳሰሉት ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ትግርኛ የምንናገር ሰዎች ከአብዛኞቹ ጋራ አማርኛ ከመማራችን በፊት ስለ ተዋወቅን፥ በዚህ በኩል ብቻ ከሌላው ተማሪ ቀድመን ተገኝተናል። በናይሮቢ ግን አይሠሩም። በዚያ ኩሽኔታን በእንግሊዝኛ «ቤሪንግ» ይሉታልና፥ ከመለዋወጫ መደብር ሄዶ ኩሽኔታ የጠየቀ ሰው ትራስ እንደሚፈልግ እንኳ ሊገመት አይችልም፤ ምንም እንኳ የጣሊያንኛው ቃል ትርጕም ትንሽ ትራስ ቢሆን።

ሽማግሌው መኪናዪቱን በደልዳላ ስፍራ አቁመው፥ ከኋላ ጐማዎቿ ሥር ድንጋይ አስገብተው፥ የፊት ግራውን በክሪክ አነሡ። ክሪክ ሊንሸራተት ስለሚችል በሻሲው ሥር ጠንካራ ማቆሚያ አከሉ። ከዚያም መንኰራኵሩን አንድ እጃቸውን ከላይ አንዱን ከታች አድርገው ወዘወዙት፤ ቅጭ ቅጭ እያለ ተነቃነቀ። ሴትዮዋን «እስቲ ፍሬኑን ርገጪልኝ፥ ልጄ» አሏት። ስትረግጠው መነቃነቁ ቀረ። ፍሬን ተይዞም የሚነቃነቅ ቢሆን ጥፋቱ ከመሪው ወይም ከታችኛው መገጣጠሚያ ይሆን ነበር፤ ፍሬን ሲያዝ የቀረው ግን የኩሽኔታ ነው። ቀጥለው አንድ እጃቸውን በሞላው ላይ አሳርፈው መንኰራኵሩን በሌላው አሽከረከሩት። ሻካራነቱ በሞላው በኩል ወደ መዳፋቸው መጣ። ባለመኪናውንም እንዲነካ አደረጉት።

እምብርቱ ሲፈታ ግሪሱ እንደ ወተት ቡና ነጣ ብሎ ተገኘ፤ ውሃ መግባቱን የሚመሰክር ይህ ነው። ከኋላ ያለው የጎማ ቀለበት ተቀዷል። የውስጡ ቀለበት ፊቱ ላይ ጕድጓድ ጕድጓድ ወጥቶበት፥ በአንድ በኩልም ከሙቀት የተነሣ ሰማያዊ ሆኗል። ብረት ወደዚህ ቀለም ከደረሰ በኋላ ጥንካሬው አይታመንም። ኩሽኔታው ሰባብሮ የተያዘ እንደ ሆነ መንኰራኵሩ ሊቈልፍ፥ የዘንጉንም ጫፍ አቃጥሎ ከነቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ይህ በሰፊው በቲካ መንገድ ላይ፥ ሦስት ልጆች ከኋላ ተቀምጠው፥ ከበስተጀርባ ማታቱ እየተከተለ ሊሆን ይችል እንደ ነበር ሽማግሌው አልተናገሩም፤ ባለመኪናው ግን ቀለበቱን በእጁ ይዞ ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

በዲ.ኤክስ. ፊተኛ መንኰራኵር ውስጥ ያሉት ሁለት ኩሽኔታዎች ተንከባላዮቻቸው ወደ አንድ ጫፍ የቀጠኑ ናቸው። ይህን ዓይነቱን በ1898 በባለቤትነት ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን የሚባል አሜሪካዊ የሠረገላ ሠሪ ነው። የቲምከን ሐሳብ መንኰራኵር ክብደትን ከላይ ብቻ ሳይሆን በመታጠፊያ ላይ ከጐንም እንደሚሸከም በማየት የተገኘ ነው። የዚህ ዓይነት ኩሽኔታ ደግ ጠባይ ተፈትቶ የሚታጠብና የሚስተካከል መሆኑ ነው፤ ክፉ ጠባዩም ይኸው ነው፤ ያልሠለጠነ እጅ ያበላሸዋልና።

ሽማግሌው አዲሱን ዕቃ እንዲገዛ ባለመኪናውን የላኩት አሮጌውን አስይዘው ነው። በናይሮቢ የመኪና መለዋወጫ በብዛት የሚገኘው ዛሬ ኪሪንያጋ በሚባለው፥ ቀድሞ የግሮጋን መንገድ ይባል በነበረው ጎዳና ነው። በኩሽኔታው ቀለበት ላይ የተቀረጸ ቍጥር አለ፤ የሚገዛው በመኪናው ስም ሳይሆን በዚህ ቍጥር ነው። አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎች በየገበያው ስላሉ፥ ጽሕፈቱ የደበዘዘውን፥ ዋጋውም ከሌላው እጅግ ያነሰውን መጠርጠር ይገባል። ውስጠኛውና ውጪኛው ቀለበት ጥንድ ሆነው ይለወጣሉ፤ አዲስ ተንከባላይ በአሮጌ ቀለበት ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

አዲሱ ሲገባ አሮጌው ግሪስ ሁሉ ታጥቦ ደረቀ። ሽማግሌው አዲስ ግሪስ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ኩሽኔታውን በጠርዙ በኩል እየጫኑ፥ ግሪሱ በሌላው ወገን በየተንከባላዮቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ አጠገቡት። የውጪው ቀለበት ወደ ቦታው ሲመታ መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ሰጠ፤ ከመጨረሻው በደረሰ ጊዜ ድምፁ ጠራ። አዲስ የጎማ ቀለበት ከኋላ ገባ። ከዚያ ዳዶውን መንኰራኵሩን እያሽከረከሩ ጠበቅ አደረጉት፥ መልሰው አላሉት፥ በመጨረሻም በጣት ኃይል ያህል ብቻ አሰሩት። ከዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ጠብቆ የታሰረ ኩሽኔታ ጸጥ ስለሚል የተጠገነ ይመስላል፤ ነገር ግን ይግላል፥ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ይቃጠላል። ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘውን ሁለት እግር ያለውን የሽቦ ቍልፍ አሮጌውን ጥለው አዲስ አስገቡ። (በአዲሶቹ መኪናዎች ብዙ ጊዜ ኩሽኔታው የታሸገ ስለ ሆነ አይስተካከልም፤ በማተሚያ መሣሪያ ተጭኖ ወይም ከነእምብርቱ ይለወጣል። ያንን በመዶሻ እየመታ የሚያስገባ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።)

የቸርኬውን ዳዶዎች በተከታታይ ሳይሆን በመስቀል እያቀያየሩ አሰሩና፥ ሴትዮዋን በቦታዋ አስቀምጠው መኪናዪቱን አስነዱ። እርሷም እስከ ጁጃ መንገድ ሄደው እስኪመለሱ ምንም አልተናገረችም። ሲመለሱ ሽማግሌው እጃቸውን ገልብጠው በቸርኬው መካከል አስጠጉ፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። በቀኙም እንዲሁ አድርገው ሁለቱን አመዛዘኑ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ ተመልሰው ዳዶዎቹን እንዲያስጠብቁ፥ ከሚመጣውም ዝናም በፊት የቀኙን መንኰራኵር ከፍተው ግሪሱን እንዲያዩለት ቀጠሮ ሰጡት።